ጥሪውን ራሱ ያነሣው መኪና

ይህን የምጽፈው በአብዛኛው ከገዛ ትውስታዬ ነው፤ ትውስታዬን ደግሞ እንደ ቀድሞው አላምነውም። ኮሌጅ ሳስተምር ለተማሪዎቼ «ያልለካችሁትን አትጻፉ» እል ነበር፤ እዚህ ያለው ብዙው ነገር ግን በመለኪያ የሚያዝ አይደለም። በመኪናው ውስጥ ስለ ሆነው ነገር ሾፌሩን ቶሌራን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ፤ በአንድ ዋና ነገር አልተስማማንም፤ እሱንም በቦታው እገልጻለሁ። የሰዎቹን ንግግር ቃል በቃል ይዤዋለሁ አልልም። ስለ መሣሪያው የምናገረው ግን በእጄ ፈትሼ ያየሁትን ስለ ሆነ በዚያ በኩል ጥርጣሬ የለኝም። ከቁጣ ነጻ ሆኜ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ አንባቢ ይህንንም አብሮ ይመዝን።

ሥራ የጀመርሁት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ አንገር ጉቲን በነበረው የመንግሥት እርሻ፣ በጀማሪ መሐንዲስነት ነው። በመጀመሪያው ቀን የመገናኛ ክፍሉ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ገብሬ ወደ ሬድዮ ክፍሉ አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ የመገናኛ ሬድዮው፣ ከሥሩ ባትሪዎቹ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነበር። የመለዋወጫና የነዳጅ መልእክት በዚያ ማጉያ እየወጣ በክፍሉ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ለሠፈሩት ሰዎችም የዘመድ መልእክት የሚደርሰው በዚሁ ሬድዮ ነበር።

ሃምሳ አለቃው በጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ አንሥተው አሳዩኝ።

«ሞት ሲመጣ ይህን ትሰካለህ። ሲሰካ ማጉያው ይዘጋል። ትጽፋለህ፤ ወረቀቱን አጥፈህ ለሽማግሌ ትሰጣለህ። ካንተ አፍ አንድ ቃል አይወጣም።»

«ሞት መሆኑን አስቀድሜ በምን አውቃለሁ?» አልኋቸው።

«የወዲያኛው ኦፕሬተር ‹ማዳመጫ ስካ› ይልሃል። ከዚያ በፊት ስም አይጠራም።»

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው የዘመዱን ሞት የሚሰማው በቤቱ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው በተሰበሰበበት፣ ከሽማግሌ አፍ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ይዋሻል፤ ውሸቱም አያስነውርም። የእርሻው ሬድዮ ደንብ የተሠራው ይህን እንዳያፈርስ ነበር።

ከእርሻው ወጥቼ ትምህርቴን በውጭ አገር ቀጠልሁ፤ ተመልሼም ነቀምቴ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኤሌክትሮኒክስ አስተማርሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚያው ከተማ ባኬ ጃማ ሠፈር በሚገኘው የሸምሱ ሱቅ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ አለኝ። ሸምሱ ጉራጌ ነው፤ የመኪና ቴፕ፣ ስፒከርና የወንበር ልብስ ይሸጣል። እሱ ይሸጣል፣ ልጆቹ ይገጥማሉ፤ ያልገባቸውን ወደ እኔ ያመጡታል። ቴስተሬ፣ መበየጃዬና መነጽሬ ከጠረጴዛው አይለዩም።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ ከተማችን መግባት ሲጀምሩ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው ችግር ዓይነቱ ተለወጠ። ድሮ ቴፕ ሲበላሽ ይፈታል፣ የተቃጠለው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። አሁን ምንም አልተቃጠለም፤ ሁሉም ደህና ነው፤ ነገር ግን ተቆልፏል። ሻጮቹ «ቤዝ» የሚሉት፣ ከአንድ ዓይነት መኪና ዝቅተኛው ደረጃ፣ ወደ እኛ በብዛት የመጣው እሱ ነው። ሲሸጡት ግን «ሙሉ ነው፤ ስልክህን ያለ ሽቦ ይይዛል፣ ዘፈንህን ያጫውታል» ይላሉ። ይይዛል፤ እውነት ነው። መልቀቁን የጠየቀ ገዢ ግን አልነበረም።

ቶሌራ የቢላ ሰው ነው። ለብዙ ዘመን ሚኒባስ ነድቶ በመጨረሻ ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ገዛ። በነቀምቴ፣ በቢላና በአንገር ጉቲን መንገድ ሰው እሱን የሚፈልገው ለፍጥነቱ አይደለም። በሽተኛን ወደ ሐኪም፣ ኀዘን የሚጠብቀውን ሰው ምንም ሳያሰማ ወደ ቤቱ የሚያደርስ ሾፌር ነው። ዘመድ ይደውልለታል፤ «እገሌን አምጣልን፣ እንዳትነግረው» ይለዋል፤ እሱም እየቀለደ፣ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ እያወራ ያደርሰዋል። እንጀራው ይህ እምነት ነው።

አንድ ቀን መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቆመና ከመውረዱ በፊት በመስኮቱ ተጣራ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደምሴ! ይህቺ መኪና አዋርዳኛለች።»

«ምን አደረገችህ?»

«ሚስቴ ደወለች። በርበሬ አልቋል አለች፤ ጥሩ። ከዚያ እናቴን ማማት ጀመረች። ከኋላዬ ማን ተቀምጧል? የእናቴ እኅት!»

ሸምሱ ከመደርደሪያው ጀርባ በሣቅ ፈረሰ። «አክስትህ ምን አለች?»

«‹ቀጥይ ልጄ፣ እየሰማንሽ ነው› አለቻት።»

በዚያን ቀን አብሬአቸው ሣቅሁ። ከዚያ ገብቼ መኪናውን መረመርሁ።

ያገኘሁት ይህ ነው። ዘፈኑም ጥሪውም ከስልኩ በብሉቱዝ ይገባሉ። ጥሪ ሲመጣ መኪናው ዘፈኑን ያቆማል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ሾፌሩ ምንም ሳይነካ ራሱ ያነሣዋል። የደዋዩ ድምፅ በበሮቹ ስፒከሮች ሁሉ ይወጣል። ይህን ማስቀሪያው ምርጫ በስክሪኑ ላይ አለ፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ስለ ሆነ በስልኬ ካሜራ አስተርጉሜ አነበብሁት። ነገር ግን ደብዝዞ ይታያል እንጂ ሲነኩት አይሠራም። የጥሪውን ድምፅ መቀነስ ይቻላል፤ ጨርሶ እስኪጠፋ ግን አይወርድም። የመጨረሻው ደረጃ ሹክሹክታ ነው፤ ዝምታ የለውም።

አንባቢዬ ባለሙያ ከሆነ «ብሉቱዙን ማጥፋት ነዋ» ይለኛል። አጠፋነው። ሻጩ ለቶሌራ የመኪና ቁልፍ ያደረገለት የገዛ ስልኩን ነው፤ መኪናውን የሚከፍተው ካርድ «በኋላ ይመጣል» ተብሎ ሳይመጣ ቀርቷል። ብሉቱዙ ሲጠፋ መኪናው «ቁልፉ የለም» ብሎ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ተሳፋሪም ይደነግጣል። «በስልኩ የብሉቱዝ ምርጫ ላይ ከ‹ጥሪ› ጎን ያለውን ምልክት ብቻ ማንሣት ነዋ» የሚለኝም ይኖራል። አነሣነው፤ መኪናው ጠፍቶ ሲነሣ መልሶ ራሱ አገናኘው። ደግመን አነሣነው፤ ደግሞ አገናኘው።

ሸምሱ ለአዲስ አበባው ሻጭ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ። የቴክኒክ ኃላፊ ነኝ ያለ ወጣት ተናገረኝ፤ ስሙን አልጽፍም።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ችግር አይደለም። ፊቸር ነው።»

«ሰው ሳይፈልግ ምሥጢሩን ለተሳፋሪ ማሰማት?»

«ማጥፊያው በፕሪሚየሙ ላይ አለ። የእናንተ ቤዝ ነው።»

«ማጥፊያው እዚህም አለ፤ በዐይኔ እያየሁት ነው። የሌለው ፈቃዱ ነው። ማን ቆለፈው?»

«ፋብሪካው ነው።»

«ለፋብሪካው ጻፉለታ።»

«እንጽፋለን አባቴ። እስከዚያው ሽቦ እንዳትነኩ፤ ሽቦ ከተነካ የባትሪው ዋስትና ይሰረዛል።»

የስፒከር ሽቦና የመኪና ባትሪ ምን እንደሚያገናኛቸው ጠየቅሁት። «ፖሊሲ ነው» አለኝ። እኔ ሽቦውን ልቆርጠው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቶሌራ ግን ባትሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ይቅር፣ ኦቦ ደምሴ። ማሎ፣ እባክዎ። ባትሪዋ ከሞተች እኔም ሞትሁ ማለት ነው። የሚደውልልኝን ሁሉ እነግራለሁ፤ ስነዳ አትደውሉ እላለሁ።»

በዚህ ቀረ።

ከዚያ በኋላ፣ በአንዱ ጠዋት፣ አንገር ጉቲን የሚገኘውን የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ልጠግን ከቶሌራ ጋር መሄድ ነበረብኝ። ሊወስደኝ ሲመጣ ከመኪናው ወርዶ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበኝ።

«ይማም ሞቷል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአዮ ዘሐራ ልጅ። ትራክተር ተገልብጦበት። እሷን ይዘን ነው የምንሄደው።»

ወይዘሮ ዘሐራን በስም አውቃቸዋለሁ። በድርቁ ዘመን በእናታቸው ጀርባ ታዝለው አንገር ጉቲን የገቡ፣ እዚያው አድገው የወለዱ ሴት ናቸው። ለደም ግፊታቸውና ለልባቸው ሕክምና ነቀምቴ ዘመድ ቤት ሰንብተው ነበር። የባላቸው ወንድም ሰይድ ከመንጋቱ ለቶሌራ ደውሎ አደራ ሰጥቶታል። ለእሳቸው የተነገራቸው ሌላ ነው፤ ሴት ልጃቸውን ለማጨት ሽማግሌ ስለ መጣ ቶሎ ይድረሱ ተብለዋል።

«ስልኩስ?» አልሁት።

«ለሰይድ ነግሬዋለሁ። አይደውልም።»

ከፊት ወንበር መንገድ የሚያማት አንዲት ነጋዴ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ከወይዘሮ ዘሐራ ጎን ተቀመጥሁ። አዲስ ሻሽ አድርገው ነበር። ከተማውን ገና ሳንወጣ ማውራት ጀመሩ።

«አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱኝ። ሽማግሌ ሲመጣ የልጅ እናት ነቀምቴ ተኝታ ይገኛል ወይ? ምን ይሉኛል?»

«ታመው ነው እንጂ ተኝተው አይደለም» አልኋቸው።

«ልጅቱ እኮ እንዲህ ቆንጆ እንዳይመስልዎት። ምላሷ ነው የሚገዛ! ይማም ‹ይችን የሚወስዳት እንደሁ እኔ ጥሎሽ እከፍለዋለሁ› ይላል።»

ቶሌራ በመስታወቱ አየኝ። «አዮ ዘሐራ፣ እኔን አልጠየቃችሁኝም እንጂ እኔ እወስዳት ነበር።»

«አንተ ምን ልትጠቅም? ሚስትህ በስልክ የምታወራውን መች አጣነው!» አሉት፤ እስከ እኔ ጉልበት ድረስ ጎንበስ ብለው ሣቁ። የአክስቱ ታሪክ አንገር ጉቲን ደርሶ ነበር።

ወደ ቆላው ቁልቁለት ስንጀምር «እስቲ መንዙማ ክፈትልን» አሉት። ቶሌራ ለአንገር ጉቲን ደንበኞቹ ስልኩ ላይ የጫነው መንዙማ አለ፤ ከፈተው። ያ ርካሽ መኪና ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። በከንፈራቸው ይከተሉት ጀመር።

መንዙማው ድንገት ቆመ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጣ። ቶሌራ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ስክሪኑን ነካ፤ ደግሞ ነካ። መኪናው አነሣው።

«ቶሌራ! ኧረ የት ደረሳችሁ? ሬሳው ታጥቦ አልቋል እኮ! ለዙህር ሶላት ልናደርሰው ነው፣ የይማም እናት ካልደረሰች...»

የሰይድ ድምፅ በአራቱም በር ወጣ። በወንበሮቹ መካከል ጎንበስ ብዬ ስልኩን ከማስቀመጫው ነጠቅሁና ጥሪውን ወደ ስልኩ አዛወርሁት። «እየደረስን ነው» ብዬ ዘጋሁ። ስዘጋው መኪናው መንዙማውን ካቆመበት ቃል ቀጠለ።

ብዙ ዘመን ከመሣሪያ ጋር ኖሬአለሁ። ተቃጥሎ ያሳፈረኝ፣ በኤሌክትሪክ መትቶ የጣለኝ መሣሪያ አለ። የጠላሁት ግን የለም። በዚያች ደቂቃ ያን መኪና ጠላሁት።

ቶሌራ መንዙማውን ሊያጠፋ እጁን ሰነዘረ። ወይዘሮ ዘሐራ «ተወው ልጄ፣ ይጨርስ» አሉት። ነጋዴዋ ኡኬ ላይ ስትወርድ ደህና ዋሉ እንኳ አላለችም።

አንገር ጉቲን ስንደርስ ሴቶች በር ላይ ቆመው ነበር፤ ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። መርዶውን የነገሯቸው የሠፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኡመር ናቸው። ጩኸቱን ከግቢው ውጭ ሆኜ ሰማሁት። ቶሌራ የመኪናውን በር ይዞ ቆሞ ነበር፤ አላለቀሰም፤ በሩን ይከፍትና ይዘጋው ነበር።

ወሬው ከእኛ በፊት ነቀምቴ ገባ። ነጋዴዋ የሰማችውን ለገበያው አከፋፈለችው። መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮቹ ቶሌራን ሲያዩ «ዛሬስ ማን ሞተ? ክፈተው እንስማ!» ይሉት ጀመር። አባቱን ከቢላ ወደ ሐኪም እንዲያመጣለት የተዋዋለው ሰው ሌላ መኪና ያዘ። አንዲት ሴት ተሳፍራ ከተቀመጠች በኋላ የማን መኪና መሆኑን ስታውቅ ወረደች። አንገር ጉቲንም ሰይድ «መርዶ አፍርሷል፤ በሽማግሌ ይጠየቅልኝ» ብሎ ከሰሰው። ሽማግሌዎቹ አፍርሷል ብለው ከፈረዱ በዚያ መንገድ ሰውን አደራ ብሎ ለቶሌራ የሚሰጥ አይኖርም፤ ሥራውም አበቃ።

ከሸምሱ ሱቅ ሆኜ ለዚያ ወጣት ኃላፊ ደግሜ ደወልሁ። የሆነውን ነገርሁት።

«በጣም ያሳዝናል አባቴ። ፕሪሚየሙን ቢወስዱ ኖሮ ይሄ አይፈጠርም ነበር።»

«ለፋብሪካው ጻፋችሁ?»

«ሂደት ላይ ነው።»

«ስማኝ ልጄ። እኔ ሥራ ስጀምር የነበረን ሬድዮ ካንተ ዕድሜ ይበልጣል። ክብደቱን ሁለት ሰው ነበር የሚሸከመው። ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበረው። አንድ ቀዳዳ! እናንተ ከነስክሪኑ፣ ከነካሜራው፣ ከነአራት ስፒከሩ አምጥታችሁ ዝምታን ለብቻው ትሸጣላችሁ?»

«አባቴ፣ ስሜትዎን እረዳለሁ።»

«ስሜቴን ተወው። ማጥፊያውን ክፈተው።»

«ከአቅሜ በላይ ነው።»

አምነዋለሁ፤ ከአቅሙ በላይ ነው። የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ሻጩ ፋብሪካውን ይጠቅሳል፣ ፋብሪካው ደረጃውን ይጠቅሳል፤ አንዱም አንገር ጉቲን መጥቶ በር ላይ አይቆምም። በር ላይ የቆመው ቶሌራ ነው። «ሙሉ ነው» ብለው በሸጡለት ቀን የጎደለውን ያውቁ ነበር፤ ባያውቁ ደግሞ ይብሳል።

ስልኩን እንደ ዘጋሁ ቶሌራ «ቁረጡት» አለኝ። «ዋስትናው?» አልሁት። «ሰው የማይሳፈርባት መኪና ባትሪዋ ምን ይሠራልኛል?»

በዚያው ቀን የዳሽቦርዱን ሽፋን ፈታን፤ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በቴስተር ለየሁ። ሸምሱ ከመደርደሪያው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ አወጣ፤ የጭጋግ መብራት የሚበራበት ዓይነት ነው። ሽቦዎቹን በእሱ በኩል አሳልፌ በየድኋቸው፤ ከመሪው በስተቀኝ ቀዳዳ በስተን ገጠምነው። ሲዘጋ ጥሪውም ዘፈኑም አይሰማም። መኪናው ጥሪውን አሁንም ያነሣል፤ ይህን ማስቀረት አልቻልሁም። ነገር ግን ደዋዩ የሚናገረው ለማንም አይደለም፤ ቶሌራ መኪናውን አቁሞ ወደ ስልኩ ያዛውረዋል።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ኀዘኑ ከበረደ በኋላ፣ በሰይድ ግቢ ነው። እኔ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ። ሼህ ኡመር ዕድሜአቸው ከእኔ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ሆኖም «አንቱ ልጄ» እያሉ ነበር የሚጠይቁኝ።

ሰይድ አስቀድሞ ተናገረ። «እኔ ለጆሮው ነው የነገርሁት። ለዓለም ያሰማው እሱ ነው።»

«እንዳትደውል ብዬህ አልነበረም ወይ?» አለ ቶሌራ።

«ሬሳ አስተኝቼ! ፀሐይ እየወጣብኝ! የማልደውል ድንጋይ ነኝ?»

«እኔስ? መሪ ይዤ፣ ቁልቁለት ላይ!»

ሼህ ኡመር ሁለቱንም በእጃቸው አበረዷቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «ስልኩን ማን አነሣው?»

«መኪናው ነው» አልሁ።

ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች ሣቁ። አንዱ «ይቅረብና ይማል!» አለ። ሼህ ኡመር አልሣቁም።

«መኪና እጅ አለው?»

«የሠሩት ሰዎች እጅ አላቸው። እንዲያነሣ አድርገው ሠሩት፤ እንዳያነሣ የሚያደርገውን ደግሞ ቆለፉት።»

«የቆለፉት የት ናቸው?»

«አይመጡም።»

«ስለማይመጡ ነው እኮ ይህን ይዘን የተቀመጥነው» አሉ ሼህ ኡመር። ከዚያ ተነሥተው መኪናውን ካላየሁ አሉ። ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ከገዛ ስልካቸው ወደ ቶሌራ ደወሉ። መኪናው አነሣ። የራሳቸው ትንፋሽ ከበሩ ሲወጣ ደንግጠው «አዑዙ ቢላህ» አሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን አሳየኋቸው። ዘጉት፤ ጸጥ አለ። ከፈቱት፤ ዘጉት።

«ይችን አስቀድሞ ቢያደርጓት ምን ነበረበት?»

«የባትሪው ዋስትና ይሰረዛል አሉን።»

«ለባትሪ ዋስ አላቸው፤ ለእናት የላቸውም» አሉና ወረዱ።

ወደ ቦታችን ስንመለስ ወይዘሮ ዘሐራ ከጓዳ ወጥተው ቆመው አገኘናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ጥቁር ለብሰዋል። ሰይድ «አንቺ ግቢ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አላቸው፤ አልገቡም።

«እኔ ነኝ በመኪናው የነበርሁት» አሉ። «የምትጣሉበት ጆሮ የኔ ነው። ከመኪናው የሰማሁት ነገር የለም። መንዙማ ነበር የምሰማው። ልጄን ያረዱኝ ሼህ ኡመር ናቸው፣ በቤቴ፣ በወጉ። ቶሌራ አደራውን አድርሷል።»

ሰይድ አንገቱን ደፋ። ሼህ ኡመር ፋቲሃ አደረጉ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ቶሌራ ወደ እሳቸው ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡት። አሁን ወደ ቀድሞ መንገዱ ተመልሷል። ወይዘሮ ዘሐራን ለሕክምና የሚያመላልሳቸውም እሱ ነው። ሻጩ የባትሪውን ዋስትና መሰረዙን አስታውቆታል፤ የማጥፊያው ፈቃድ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት አጭር ነው። የሰውን ስልክ ከማናቸውም መሣሪያ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት መለያያውን ፈልጉ፤ በእጃችሁ ሞክሩት፤ መለያያው ከተቆለፈ ወይም ከሌለ ለደንበኛው ይህን ሳትነግሩ ሥራውን አትረከቡ።

አንድ ነገር ሳይረጋገጥ ይቀራል። ቶሌራ ስክሪኑን ሲነካ ድምፁን እንደ ቀነሰው፣ የይማም ስም ሲጠራ ሹክሹክታ ብቻ እንደ ነበር ይምላል። እኔ ስሙን ጥርት ብሎ የሰማሁት ይመስለኛል፤ ነገር ግን እኔ የማን ሞት መሆኑን አስቀድሜ ስለማውቅ ጆሮዬ የጎደለውን ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ወይዘሮ ዘሐራ በዚያ መንገድ ላይ የእጄን አንጓ ጨብጠው እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ አጥንቴ እስኪሰማኝ ነበር የጨበጡት። የጨበጡኝ ከጥሪው በኋላ ነው ወይስ ከዚያ በፊት፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናው ሲያንገጫግጨን፣ አላውቅም። ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ አንገር ጉቲን ሄጄ፣ ማጉያውን ብቻ ጠግኜ ተመልሻለሁ።